ሦስቱ ስንብቶች፦ ኤች አይ ቪ፣ ወታደሩና ቀዬው

የአገራችን የጦርነት ታሪክ በአብዛኛው የዘመቻ ታሪክ ነው። ማን ዘመተ፣ የት ተዋጋ፣ ማን ድል አደረገ፣ ማን ወደቀ የሚለውን ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ጀምሮ እስከ ዘመናችን ጡረተኛ ጄኔራሎች ድረስ ብዙዎች ጽፈውልናል። ዘማቹ ወደ ቀዬው ሲመለስ ምን ይዞ እንደተመለሰ፣ ቀዬው እንዴት እንደተቀበለው፣ ያሰናበተው መንግሥትስ ምን አሲዞ እንደሸኘው ግን እምብዛም አልተጻፈም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንን የተዘለለ ምዕራፍ ነው። መነሻዬም አንድ በሽታ ነው፤ ኤች አይ ቪ።

ተማሪዎቼን «ኤች አይ ቪን በኢትዮጵያ ያስፋፋው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወታደር፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሴተኛ አዳሪ ይሉኛል። ይህን መልስ ከወላጆቻቸው ሰምተውታል፤ ወላጆቻቸውም ከዘመኑ ወሬ ወስደውታል። መልሱ ፈጽሞ ከመሬት የተነሣ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ጥፋተኛ የሚፈልግ መልስ ነው። የታሪክ ጥያቄ ግን «ማን አመጣው?» ብሎ አያበቃም፤ «ማን ያውቅ ነበር? ምንስ ማድረግ ይችል ነበር? ምን አደረገ?» ብሎም ይጠይቃል። በእኔ እምነት የኤች አይ ቪና የሠራዊታችን ታሪክ የሚገለጠው ወታደሩ ሲመለመል ወይም ሲዋጋ ሳይሆን ሲሰናበት ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ታላላቅ ስንብቶችን አይተናል፤ በ1983፣ በ1993 እና በ2017 ዓ.ም.። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ስለ መንግሥታችን ጠባይ ብዙ ይነግሩናል።

በሽታና ሠራዊት

በሽታ ከሠራዊት ጋር ሲጓዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ገደማ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠፈር በጣና ዳርቻ ያመሰው ኮሌራ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ለክፉ ቀን የዳረገን የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል የገባው ጣሊያኖች ለጦራቸው ካስመጧቸው ከብቶች ጋር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብለን የምናስታውሰው የዓለም ኢንፍሉዌንዛም ቢሆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርከቦችና የጦር ካምፖች ተሳፍሮ ዓለምን የዞረ ነው።

ሆኖም በእነዚህና በኤች አይ ቪ መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ኮሌራ በሰዓታትና በቀናት ይገድላል፤ የታመመው ወታደር ከሠፈሩ ሳይወጣ ይለያል። ኤች አይ ቪ ግን ሕክምና ካላገኘ በአማካይ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ድረስ ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የተያዘው ሰው ጤነኛ መስሎ ይመለመላል፣ ጤነኛ መስሎ ይዋጋል፣ ጤነኛ መስሎ ይሰናበታል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሰላሙ ዘመን ይታመማል። በዚያን ጊዜ ሞቱን የሚቆጥረው የጦር ሹም የለም። ቀብር አውጥቶ የሚቀብረው እድሩ፣ ልጆቹን የምታሳድገው አያታቸው ናት። የጦርነቱን ዕዳ ከመንግሥት መዝገብ ወደ ቤተሰብ ጓዳ ያሸጋገረው ይህ የበሽታው ጠባይ ነው።

የመጀመሪያው ስንብት፤ 1983

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተል ክፍል የተቋቋመውም በዓመቱ ነበር። ይህ እንግዲህ ደርግ በአፍሪካ ካሉት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱን አሰልፎ በሰሜን የሚዋጋበት፣ ወጣቱ በብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ገጠር የወጡ፣ ከወረዳቸው ርቀው የማያውቁ ልጆች በአሥመራ፣ በአሰብ፣ በደሴ፣ በሐረር ጦር ሰፈሮች ዙሪያ ለዓመታት ኖሩ። ደመወዝ ነበራቸው፤ ሚስት አልነበራቸውም፤ ነገ በሕይወት መኖራቸውንም እርግጠኛ አልነበሩም። ነገ መሞቱን ለሚጠብቅ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገድል በሽታ ምን ያህል ያስፈራዋል?

በዚያው ዘመን በጎረቤት አፍሪካ ሌላ ታሪክ እየተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1986 በሐራሬ የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ላይ ፊደል ካስትሮ ዮዌሪ ሙሴቬኒን ወደ ጎን ወስደው፣ ለሥልጠና ወደ ኩባ ከላኳቸው 60 መኮንኖች 18ቱ ቫይረሱ እንደተገኘባቸው ነገሯቸው። ይህን ሙሴቬኒ ራሳቸው በተደጋጋሚ ተርከውታል። ሙሴቬኒ ሥልጣን ከያዙ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ያዋለዳቸው ሠራዊት እየተበላ መሆኑን ሲሰሙ ጉዳዩን የመንግሥታቸው ህልውና ጉዳይ አደረጉት፤ በየስብሰባው በአደባባይ ተናገሩ። የሙሴቬኒን አገዛዝ በሌላ በሌላው ብዙ ልንወቅሰው እንችላለን፤ በዚህ ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የእኛን ተረት ከእኛ ቀድመው ሠርተውበታል። ሠራዊትና ኤች አይ ቪ የተያያዙ መሆናቸው ከ1983 ዓ.ም. አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአፍሪካ መሪዎች ደረጃ የታወቀ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ ግዙፍ ሠራዊት በአንድ ሰሞን ተበተነ። ከኤርትራ ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ተባረው በእግር ወደ ትግራይና ወደ ሱዳን ተጓዙ። አዲሱ መንግሥት በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች በካምፕ ተሰብስበው ተመዘገቡ፤ ፖለቲካዊ ተሃድሶ ተሰጣቸው፤ ስንቅና መጓጓዣ ተሰጥቷቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተሸኙ። የዓለም ባንክ ጥናቶች ይህን ስንብት ብዙ ሰው በርካሽ ወጪና በአጭር ጊዜ የተሸኘበት ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው አረንጓዴ ካፖርት የለበሱ፣ አንዳንዶቹ በክራንች የሚሄዱ ሰዎች በየደጁ ቆመው «ስለ ማርያም» ሲሉ ነው። የሰፈራችን ሰው ያዝንላቸው ነበር፤ ይፈራቸውም ነበር። ለመሆኑ ከእነዚያ ሰዎች ለአንዱስ ስለ ኤች አይ ቪ አንድ ቀን ቁጭ አድርጎ የነገረው ነበር? በዚያ ስንብት ውስጥ የጤና ጉዳይ ማለት በዋናነት ቁስለኛውንና አካለ ጎዶሎውን መደገፍ ነበር። የማይታየው ቁስል በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ፍርድ ስንሰጥ ዘመኑን አንርሳ። በ1983 ዓ.ም. ዕድሜን የሚያራዝመው የመድኃኒት ቅንብር በዓለም ላይ ገና አልነበረም። የምርመራ መሣሪያውም ውድ ነበር፤ ላቦራቶሪና ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። አራት መቶ ሺህ ሰው ይመርመር ብሎ መጠየቅ አይቻልም ነበር። ነገር ግን ትምህርት፣ ኮንዶምና የአባላዘር በሽታ ሕክምና ያኔም ነበሩ፤ ዋጋቸውም ከስንቁ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ በአንድ ካምፕ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ተመዝግቦ፣ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ወንድ አልተገኘም። ስለ ቀድሞው ሥርዓት ጥፋት ለሳምንታት ንግግር ሲደረግለት፣ ስለ ራሱ ሕይወት ለአንድ ሰዓት የነገረው አልነበረም።

ሁለተኛው ስንብት፤ 1993

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀመረ። ብሔራዊው የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ የጸደቀው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ነው። አገሪቱ በአንድ እጇ ፖሊሲ ስትፈርም በሌላ እጇ ምልምል ትሰበስብ ነበር። ሠራዊቱ ባጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ እጥፍ አደገ። በትግራይና በአፋር ድንበር ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በጎዴና በአካባቢው ድርቁ ሕፃናትን ፈጀ። ጦርነት፣ መፈናቀልና ረሃብ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገናኙ።

በዚያ ጦርነት መካከል ለታሪክ ትልቅ ዋጋ ያለው አንድ ሰነድ ተወለደ። በ1992 ዓ.ም. ገደማ ከተመለመሉ 72 ሺህ ያህል ወንድ ምልምሎች የተገኘው የምርመራ ውጤት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኤይድስ» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ከከተማ ከመጡት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት ደግሞ 3.8 በመቶ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ተማሪዎቼ ከሚሰጡኝ መልስ ጋር አስተያዩት። እነዚህ ልጆች ገና ወታደር አልሆኑም። ከማሳ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያ የመጡ ናቸው። ወደ ካምፕ በር ሲደርሱ ቫይረሱ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ አስቀድሞ ነበር። እንግዲህ ወታደሩ በሽታውን ለአገሩ አመጣ ከማለታችን በፊት አገሩ ለወታደሩ ሰጥቶት እንደነበረ ልናስተውል ይገባል። በእርግጥ በመጀመሪያው ስንብት ወደ ገጠር ከተሸኙት አንዳንዶቹ ቫይረሱን ይዘው ገብተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ የቀን ሠራተኛውም በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር። ሠራዊቱ የአገሩ መስታወት ነው፤ መስታወቱን መስበር ፊትን አያጠራም።

ቁጥሩንም ቢሆን ከልኩ በላይ አንለጥጠው። ምልምል የአገሩ ሕዝብ ትክክለኛ ናሙና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ቫይረሱ ያለበት 1.4 በመቶ፣ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነፍሰ ጡሮች ምርመራ ብቻ ተነሥቶ ሲነገር ከነበረው ግምት በእጅጉ ያነሰ ነው። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2007 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ኮንጎንና ሩዋንዳን ጨምሮ የሰባት የአፍሪካ አገሮችን መረጃ መርምሮ፣ ግጭት በራሱ የኤች አይ ቪን ስርጭት እንደሚያባብስ ማስረጃ አላገኘም። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲቋረጥ፣ ሰው ከሰው ሲለያይ በሽታውም አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። የሚያስፈራው መንገዱ የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ያም ቀን የስንብትና የመመለሻ ቀን ነው።

ዓለም ይህን መረዳት የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነበር። ጥር 1 ቀን 1992 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን በሽታ የጸጥታ ጉዳይ አድርጎ ተወያየበት፤ ስብሰባውን የመሩት የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ነበሩ። ሐምሌ 10 ቀን ውሳኔ ቁጥር 1308 ጸደቀ። ዋና ትኩረቱ ሰላም አስከባሪዎች ሥልጠና፣ ምክርና በፈቃድ የሚደረግ ምርመራ እንዲያገኙ ነው። ውሳኔው በጸደቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር የሚሰማራው ተልእኮ ተቋቋመ። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤው ልዩ ስብሰባ ባወጣው የቃል ኪዳን ሰነድ፣ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ ኤች አይ ቪን ከአስቸኳይ ዕርዳታ ሥራቸውና ከደንብ ልብስ ለባሾቻቸው አገልግሎት ጋር የሚያዋህድ ስልት እንዲነድፉ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ለዚህ ባዕድ አልነበረችም። ወታደሮቿ ወደ ሩዋንዳ ሄደው ነበር፤ በኋላም በቡሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ተሰማርተዋል።

የአልጀርስ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲፈረም ሁለተኛው ስንብት ተጀመረ። በዓለም ባንክ ብድር የሚደገፍ ሆኖ 1 መቶ 50 ሺህ ያህል ወታደሮች ተሰናበቱ። በዚህኛው ጊዜ የኤች አይ ቪ ነገር ከመርሐ ግብሩ አልተዘለለም፤ ትምህርትና ምክር ከስንብቱ ጋር እንዲሄዱ ታስቦ ነበር። ከዚያም በኋላ በመከላከያ ውስጥ ወታደሮች በትንንሽ ቡድን ተሰብስበው፣ በሥዕል የታገዘ ተከታታይ ታሪክ እያነበቡ ስለ ራሳቸው ሕይወት የሚወያዩበት ፕሮግራም ተሠራ። በአለቃ ትእዛዝ ሳይሆን በጓድ ጨዋታ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። በሁለቱ ስንብቶች መካከል ያለፈው አሥር ዓመት ብቻ ነው። አሥር ዓመት ግን ብዙ ሰው የሚሞትበት ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ታሪኩ ተለወጠ። በዓለም አቀፉ ፈንድና እ.ኤ.አ. በ2003 በተቋቋመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የኤድስ ዕርዳታ ገንዘብ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካምና ቫይረሱ በደማቸው እያለ ስማቸውንና ፊታቸውን ለአደባባይ በሰጡ ዜጎች ድፍረት፣ ሞት ረገበ። የቃሬዛ ወረፋ ይታይባቸው የነበሩ መቃብር ስፍራዎች ፋታ አገኙ። ይህ በሕይወት ዘመናችን ካየናቸው ጥቂት የጋራ ድሎች አንዱ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ አዲስ ተጋላጭነትም ፈጠረ። ይህ መድኃኒት በየዕለቱ፣ ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ሲቋረጥ ቫይረሱ ያንሰራራል፤ ውሎ አድሮም መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሕይወት ከጤና ጣቢያው፣ ከመጋዘኑ፣ ከመንገዱ፣ ከሰላሙ ጋር ተሳሰረ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነት ለኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የሚነጥቀው ሕክምና አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ግን ነበረ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ይህን በጭካኔ አሳየን። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝተው ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውን፣ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት መጎዳታቸውን፣ በአግባቡ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ክልሎች ሲሻገርም በዚያ ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። የሕሙማን ካርድ ተቀደደ፤ የመድኃኒት መደርደሪያ ባዶ ሆነ። አንዲት ገበሬ መድኃኒቷ ሲያልቅ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነች ቫይረሱ አይጠይቃትም።

ከዚህ የከፋም አለ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችም፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በጋራ ያወጡት ሪፖርትም በዚያ ጦርነት አስገድዶ መድፈር በስፋት መፈጸሙን አረጋግጠዋል። የተደፈረች ሴት ቫይረሱ እንዳይዛት የሚረዳ መድኃኒት አለ። ነገር ግን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ስልክ የተቋረጠበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ጤና ጣቢያው የተዘረፈበት ወረዳ ውስጥ ሦስት ቀን ምን ማለት ነው? መድኃኒቱ በዓለም ላይ መኖሩ ለዚያች ሴት ምን ፈየደላት? ስለ «ውህደት» ዓለም አቀፍ ሰነዶች የሚጽፉት ሁሉ ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ስንቅ ጭኖ የሚገባው የመጀመሪያው መኪና ይህንንም መድኃኒት ካልያዘ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የጤና መኪና ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ይሆናል።

ይህን ለአስቸኳይ ዕርዳታ ሠራተኞች የሚያዝ መመሪያ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተነደፈው ዝቅተኛ የሥነ ተዋልዶ ጤና ጥቅል ጀምሮ፣ የዕርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2003 በጋራ እስካዘጋጁትና በ2010 እስካሻሻሉት መመሪያ ድረስ ነገሩ ተደጋግሞ ተጽፏል። ንጹሕ ደም፣ ንጹሕ መርፌ፣ ኮንዶም፣ ለተደፈሩ የሚሆን ሕክምና፣ ለጀመሩት የማይቋረጥ መድኃኒት፣ ሴቶች በሌሊት ሳይፈሩ የሚሄዱበት መጸዳጃና ውኃ። ዝርዝሩ ይኸው ነው። ያጣነው ዕውቀት አይደለም፤ ዕውቀቱን ቀድሞ የማስቀመጥ ልማድ ነው።

ሦስተኛው ስንብት

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በተለያዩ ክልሎች ከ3 መቶ 70 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመሸኘትም ዕቅድ አወጣ። በትግራይ የመጀመሪያው ዙር 75 ሺህ ተዋጊዎችን ይዞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቐለ ተጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን አገደ። በኋላ ሕይወት አድን ለሆነው ሕክምና የተወሰነ ፈቃድ ቢሰጥም፣ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋርጧል። ስንብቱና የገንዘቡ ድንጋጤ በአንድ ሰሞን ተገጣጠሙ።

የሦስተኛው ስንብት ተሰናባቾች ከቀደሙት በሦስት ነገር ይለያሉ። አንደኛ፣ ከመካከላቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ሁለተኛ፣ የሚመለሱበት ቀዬ ጤና ጣቢያው ራሱ የተጎዳ ነው። ሦስተኛ፣ አሁን ምርመራው በጣት ደም በደቂቃዎች ያልቃል፤ መድኃኒቱም አለ። በ1983 ዓ.ም. የነበረው ምክንያት ዛሬ የለም።

በእኔ አስተያየት ከታሪኩ የሚወጡት ትምህርቶች ጥቂትና ግልጽ ናቸው።

ምርመራ ለተሰናባቹ ጥቅም ይሁን። ብዙ የዓለም ሠራዊቶች የምልምልን ደም የሚመረምሩት ብቁ ያልሆነውን ለመለየት ነው። የስንብት ምርመራ ግን በፈቃዱ፣ በምስጢር፣ ለሰውየው ራሱ ሊሆን ይገባዋል። ውጤቱ የመቋቋሚያ ገንዘቡን የሚያስቀርበት ወይም ወደ ቀበሌው የሚላክ ከመሰለው ማንም እጁን አይዘረጋም፤ አይፈረድበትምም።

ከመታወቂያው ጋር የጤና ጣቢያ ይሰጠው። ተሰናባቹ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ለብዙ ወራት የሚበቃ ስንቅና በሚሄድበት ወረዳ የሚቀበለው ጤና ጣቢያ ስም አብሮት ይሂድ። ያ ጤና ጣቢያ ከተዘረፈ ጥገናው የመልሶ ማቋቋሙ ሂሳብ አካል ይሁን። የወታደሩን ኪስ ሞልቶ የመንደሩን ጤና ጣቢያ ባዶ መተው ዕዳውን ለቀዬው ማሸከም ነው።

ሚስቱና እጮኛው አይረሱ። በሁለቱም ቀደምት ስንብቶች የተመዘገበው ወታደሩ ነው። በሽታውን የተጋራችው፣ ኋላም አስታማ የቀበረችው ሴት በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረችም።

ስንቁ ከእኛ ይጀምር። የባዕድ ገንዘብ መጥቶ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ምስጋናችንን አንንፈግ። ሆኖም በሌላ አገር ዋና ከተማ በሚፈረም አንድ ወረቀት የሚቆም መድኃኒት የዜጋ መብት ሊሆን አይችልም። ለጥይት በጀት የሚያገኝ መንግሥት ተኳሹ ሲመለስ ለሚያስፈልገው መድኃኒት በጀት አጣሁ ሊል አይገባም።

«ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰላም ሲኖር ነው፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት በተስፋፋበት ሁኔታ ስለ ስንብት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ታሪኩ ራሱ ነው። ግጭት ሁሉ አንድ ቀን በስንብት ያልቃል፤ ተዋጊው ያሸነፈም ሆነ የተሸነፈ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። በ1983 ዓ.ም. ያልተዘጋጀነው ስንብቱ ድንገት ስለመጣብን ነው። የሚቀጥለውን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚቻለው ዛሬ ነው።

አንድ መንግሥት ዜጋውን ለጦርነት ሲጠራ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ የደም ዓይነቱን ጠይቆ ይመዘግባል። ሲያሰናብተው የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን ብቻ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ የታሪክ ተመራማሪ የሦስተኛውን ስንብት መዝገብ ሲገልጥ ከጠመንጃው ቁጥር አጠገብ ስለ ሰውየው ጤና የተጻፈ አንዲት መስመር ያገኝ ዘንድ እመኛለሁ።